ቤርበሪን፣ የደም ስኳር እና የደም ስብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች ስለ ቤርበሪን ዘወትር ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ ናቸው፤ ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን መልሶቹ የሐኪምን ምርመራ አይተኩም።

ቤርበሪን ምንድን ነው?

ቤርበሪን በአንዳንድ ተክሎች ሥር፣ ግንድ እና ልጥ ውስጥ የሚገኝ፣ መልኩ ደማቅ ቢጫ፣ ጣዕሙ እጅግ መራራ የሆነ አልካሎይድ፣ ማለትም ተክሎች የሚሠሩት ናይትሮጅን ያለው ውህድ ነው። ስሙን ያገኘው ቤርበሪስ ከሚባሉት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ነው፤ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሁዋንግልየን በሚባለው ተክል ሥር እና በሰሜን አሜሪካው ጎልደንሲል ውስጥም ይገኛል። የቤርበሪስን ግንድ በቢላ ፋቅ ያደረገ ሰው ከቅርፊቱ ሥር ብቅ የሚለውን ቢጫ ወዲያው ያየዋል። ይኸው ቀለም ሱፍና ቆዳ ሲቀለምበት የኖረ ነው፤ ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን የነካ ሰውም ጣቱን በአንድ መታጠብ አያጠራውም።

በሕክምና መጀመሪያ የታወቀው በስኳር ሳይሆን በተቅማጥ ነው። በቻይና በባክቴሪያ ለሚመጣ ተቅማጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲሸጥ የኖረ መድኃኒት ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ዓመታት ተቅማጥ ይዟቸው የወሰዱት የስኳር ሕሙማን የደም ስኳራቸው ጭምር ዝቅ ማለቱን ሐኪሞች አስተዋሉ። የዛሬው ምርምር የተነሣው ከዚህ ነው።

እርድም ቢጫ ነውና ቤርበሪን አለው ማለት ነው?

የለውም። የእርድ ቢጫ ቀለም የሚመጣው ኩርኩሚን ከተባለ ፈጽሞ ሌላ ውህድ ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው በሕንድ የሚበቅል አንድ የቤርበሪስ ዝርያ በተለምዶ «የዛፍ እርድ» ተብሎ ስለሚጠራ ይመስላል፤ ስሙ ቢመሳሰልም ተክሎቹ አይዛመዱም።

የደም ስኳርን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

በይበልጥ የተጠናው መንገድ በሴል ውስጥ ካለው የጉልበት ማመንጫ፣ ከሚቶኮንድሪያ ይጀምራል። ቤርበሪን የሚቶኮንድሪያን የመጀመሪያ የሥራ ደረጃ፣ ማለትም ኮምፕሌክስ 1 የተባለውን፣ በመጠኑ ያዘገየዋል። በዚህም የሴሉ የጉልበት ክምችት ትንሽ ይጎድላል፤ ጉድለቱን የሚቆጣጠረው ኤኤምፒኬ የተባለ ኤንዛይምም ይነቃል። ኤኤምፒኬ ጎተራው መጉደሉን እንዳየ ቆጣቢ ባለቤት ነው፤ ወጪ የሚያስከትለውን ሥራ ያስቆማል፣ ገቢ የሚያመጣውን ያፋጥናል። የጡንቻ ሴሎች ስኳር የሚያስገቡበትን ግሉት 4 የተባለ በር ወደ ገጻቸው ያወጣሉ፤ ጉበት ደግሞ አዲስ ስኳር እየሠራ ወደ ደም መልቀቁን ይቀንሳል። የጠዋት ስኳር፣ ማለትም ምግብ ሳይቀመስ የሚለካው፣ በአብዛኛው የጉበት ሥራ ውጤት ስለሆነ ለውጡ በዚያ ልኬት ላይም ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ አንጀት ነው። ቤርበሪን ስታርችና ስኳርን ወደ ግሉኮስ የሚሰባብሩትን የአንጀት ኤንዛይሞች በከፊል ስለሚያግድ ከምግብ በኋላ የሚታየው የስኳር ሽቅብታ ይለዝባል፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስብጥርም ይለውጣል። በሙከራ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ከተገኘው ውጤት ብዙው የታየው ግን በሰው ደም ውስጥ ፈጽሞ በማይደረስበት መጠን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እኔ በበኩሌ የአንጀቱ ድርሻ በተለምዶ ከሚነገረው በላይ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ስለ መመጠጥ በሚያወሳው ጥያቄ ሥር ያገኙታል።

በስብ እና በኮሌስትሮል ላይስ ምን ያደርጋል?

ይኸው ኤኤምፒኬ ስብ የሚሠራውን መስመር ይዘጋና ስብ የሚቃጠልበትን ይከፍታል። ዝርዝሩ እንዲህ ነው፦ ጉበት ከተረፈው ስኳር ስብ ለመሥራት ማሎኒል ኮኤ የተባለ መነሻ ያዘጋጃል፤ ይህ መነሻ ሲበዛ የስብ አሲዶች ለመቃጠል ወደ ሚቶኮንድሪያ እንዳይገቡ በሩን ይዘጋል። ኤኤምፒኬ መነሻውን የሚሠራውን ኤንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ የስብ ምርቱ ይቀንሳል፣ በሩም ይከፈታል፤ በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የተባለ ስብ የሚወርደውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል።

ኤልዲኤል የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስበት መንገድ ግን ሌላ ነው። በ2004 የቻይና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት እንደታየው፣ ቤርበሪን የጉበት ሴሎች ኤልዲኤልን ከደም የሚይዙበትን ተቀባይ ያበዛል፤ የሚያበዛውም የተቀባዩ የሥራ ትእዛዝ የተጻፈበት አርኤንኤ ቶሎ እንዳይበጣጠስ በማቆየት ነው። ስታቲኖች የተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በአንጻሩ ሴሉ የራሱን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ከልክለው ተቀባዩን በሌላ በኩል ያበዛሉ። በዚያው ጥናት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 32 ሰዎች ቤርበሪንን ለ3 ወር ወስደው ኤልዲኤላቸው በ25 በመቶ፣ ትራይግሊሰራይዳቸው በ35 በመቶ ቀንሷል። ተቀባዩን የሚያጠፋው ፒሲኤስኬ9 የተባለ ፕሮቲን በስታቲን ሲጨምር በቤርበሪን የሚቀንስ መሆኑም በላብራቶሪ ታይቷል። ሁለቱን አብሮ መስጠት ያጓጓው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይሁንና አብሮ መውሰዱ የራሱ አደጋ እንዳለው ከታች ይመልከቱ።

ውጤቱ በቁጥር ምን ያህል ነው?

ደጋግመው የሚጠቀሱት የ2008 ሁለት ጥናቶች ናቸው። በአንደኛው ስኳር እንዳለባቸው ገና የታወቀላቸው 36 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ቤርበሪን ወይም የተለመደውን የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚንን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ3 ወር ወሰዱ። የቤርበሪኖቹ ኤዋንሲ፣ ማለትም የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ምርመራ፣ ከ9.5 ወደ 7.5 በመቶ ወረደ፤ የጠዋት ስኳራቸው ደግሞ ከ191 ገደማ ወደ 124 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ዝቅ አለ፤ ይህም ከሜትፎርሚኑ ጋር የሚቀራረብ ነበር። በሁለተኛው ስኳርም የደም ስብ መዛባትም ያለባቸው 116 ሰዎች ተሳትፈው፣ በቀን 1 ግራም የወሰዱት ኤዋንሲያቸው ከ7.5 ወደ 6.6፣ ትራይግሊሰራይዳቸው ከ222 ገደማ ወደ 143፣ ኤልዲኤላቸው ከ125 ወደ 99 ገደማ ወርዷል።

እነዚህ ቁጥሮች ያማልላሉ። በ2020 የታተመው ሰፊ ጥናት ግን ቀዝቀዝ ያደርጋል። በዚያ ጥናት ስኳር እንዳለባቸው በቅርቡ የታወቀላቸው 409 ሰዎች ለ12 ሳምንት ክትትል የተደረገላቸው ሲሆን፣ ቤርበሪን ብቻ የወሰዱት ኤዋንሲ በ0.99 ነጥብ ቀነሰ፤ ምንም መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ እንክብል የወሰዱትም በ0.59 ቀንሶላቸዋል። በጥናት ላይ ያለ ሰው አመጋገቡን ይጠብቃል፣ ሐኪሙን ደጋግሞ ያያል፤ ስለዚህም ባዶውን እንክብል ቢውጥም ይሻለዋል። ቤርበሪኑ ራሱ የጨመረው ልዩነቱን፣ 0.4 ነጥብ ያህል ነው ማለት ነው። መነሻቸው 9.5 የሆኑ ሰዎች በ2 ነጥብ መውረዳቸውን ሰምቶ 7.0 ላይ ያለ ሰው ወደ 5.0 እወርዳለሁ ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ከፍ ካለ መነሻ መውረድ ለማንኛውም የስኳር መድኃኒት ይቀላል።

ቤርበሪን ሜትፎርሚንን ሊተካ ይችላል?

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ መልሴ አይችልም ነው። ሁለቱ በሚቶኮንድሪያም ሆነ በኤኤምፒኬ በኩል የሚሠሩበት መንገድ የተቀራረበ ሲሆን፣ ሜትፎርሚንም ቢሆን ዘሩ ከተክል ነው፤ ጋሌጋ ከተባለው ዕፅ ከሚገኘው ጋሌጂን ተነሥቶ በላብራቶሪ የተሠራ፣ ከ1957 ጀምሮ ለስኳር ሕሙማን የተሰጠ መድኃኒት ነው። «አንዱ ተፈጥሯዊ፣ ሌላው ኬሚካል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ መሠረት የለውም።

ልዩነቱ ያለው በማስረጃው ዕድሜ ላይ ነው። በ1998 ውጤቱ የወጣው የብሪታኒያው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ የስኳር ሕሙማን ሜትፎርሚን ሲወስዱ የልብ ድካማቸው በ39 በመቶ፣ ሞታቸው በ36 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የልብ ድካም ያልኩት የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣውን ድንገተኛ ሕመም ነው። በቤርበሪን ላይ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ለሦስት ወር ያህል የቆዩ፣ ቁጥር በመለካት ያበቁ ናቸው። ሰው ስኳሩን የሚያክመው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ለማሳመር ሳይሆን ዓይኑን፣ ኩላሊቱንና ልቡን ለማትረፍ ነውና፣ ይህን ያሳየ መድኃኒት ትቶ ወዳላሳየው መሄድ አይመከርም።

ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው ይባላል፤ ታዲያ እንዴት ይሠራል?

የተባለው እውነት ነው። ከተዋጠው ቤርበሪን ሳይለወጥ ወደ ደም ዝውውር የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ነው። የአንድ ካፕሱል ጉዞ ቢከተሉት እንዲህ ነው፦ 500 ሚሊ ግራሙ በአንጀት ይሟሟል፤ ወደ አንጀት ሴል ለመግባት የታደለውን ጥቂቱን ባዕድ ነገር ወደ ውጭ የሚገፉት ፓምፖች መልሰው ወደ አንጀት ይተፉታል፤ ካመለጣቸውም ብዙውን ጉበት ይለዋውጠዋል። በመካከሉ ግን የአንጀት ባክቴሪያዎች ቤርበሪኑን ዳይሃይድሮቤርበሪን ወደተባለ፣ በቀላሉ ወደሚመጠጥ መልክ ይቀይሩታል፤ ይህም የአንጀትን ግድግዳ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ቤርበሪን ይሆናል። በእንስሳት ሙከራ ባክቴሪያዎቹ በአንቲባዮቲክ ሲጠፉ ወደ ደም የሚገባው ቤርበሪን ቀንሷል።

እንግዲህ አብዛኛው ቤርበሪን ቀኑን የሚውለው አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ በኤንዛይሞችና በባክቴሪያዎች ላይ የሚሠራው ሥራ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው የምለውም፣ አንዱን የጠቀመው ሌላውን ላይጠቅም ይችላል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳይሃይድሮቤርበሪኑ ራሱ ተሠርቶ በገበያ ላይ ይሸጣል። በደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን በደም መብዛቱ ብቻውን ስኳርን የበለጠ ይቀንሳል ማለት አይደለም።

ክብደት ይቀንሳል?

ጥቂት። በጥናቶቹ የታየው ቅናሽ በአብዛኛው ከጥቂት ኪሎ የማያልፍ ነው። በ2023 በማኅበራዊ ሚዲያ «የተፈጥሮ ኦዜምፒክ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ስሙ ከገበያ በቀር ከምንም አይገጥምም። የኦዜምፒክ መድኃኒት ሴማግሉታይድ የጥጋብን ሆርሞን መስሎ አእምሮ ላይ ጭምር የሚሠራ ሲሆን፣ ክብደት ለመቀነስ በሚሰጥበት መጠን በ68 ሳምንት ውስጥ ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ያህል እንደቀነሰ በ2021 ታትሟል። 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 15 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

በምን ያህል መጠን ይወሰዳል? ሆድን ይረብሻል የሚባለውስ?

በጥናቶቹ የተለመደው መጠን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ ሊቀርብ ሲል ነው። የቀኑ መጠን የሚከፋፈለው አንድም በሰውነት ብዙ ስለማይቆይ፣ አንድም በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሆድን ስለሚያውክ ነው። የተዘለለን መጠን ለማካካስ ደርቦ መዋጥ ተቅማጥ ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም።

የሆድ መረበሹ እውነት ነው፤ ብርቅም አይደለም። ቀደም ብለው ከተጠቀሱት የ2008 ጥናቶች በአንዱ፣ ቤርበሪን ብቻውን ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት 58 ሰዎች 20ዎቹ ተቅማጥ፣ ድርቀት፣ የሆድ መነፋት ወይም ቁርጠት አጋጥሟቸዋል፤ ያጋጠማቸውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሲሆን፣ መጠኑ ሲቀነስላቸው የተሻላቸው ነበሩ። ሐኪሞች በቀን አንድ ካፕሱል ጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያሉ መጨመርን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሜትፎርሚንም ሆድን የሚያውክ መድኃኒት በመሆኑ ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጀመር የትኛው እንዳወከ ለማወቅ አያስችልም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ቤርበሪን ኢንሱሊን እንዲመነጭ አስገድዶ ስለማያደርግ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል ለሚወስድ ሰው ግን ሲደረብ ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥና ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው የማይታየው ነው። ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን የሚያከሽፍባቸውን ኤንዛይሞች ቤርበሪን ያዘገያል፤ በጤናማ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ 300 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት መውሰድ ብቻ ከእነዚህ ኤንዛይሞች የሦስቱን ሥራ ቀንሷል። በዚያን ጊዜ ሌላው መድኃኒት ሳይከሽፍ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች በሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ ሳይክሎስፖሪን ሲበዛ ደግሞ የሚጎዳው ያንኑ የተተካውን ኩላሊት ነው። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ፣ እንደ ሲምቫስታቲን ያሉ ስታቲኖችን፣ የልብ ምት ማስተካከያዎችንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም፤ ቅጠላ ቅጠል ብቻ» የሚል መልስ ይሰማል፤ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ግን ያንኑ «ብቻ» የተባለውን ነው።

ፈጽሞ መውሰድ የሌለበት ማን ነው?

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ጨቅላ ሕፃናት። ቤርበሪን ቢሊሩቢን የተባለውን የቢጫነት ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ከተሸከመው ፕሮቲን ላይ ያስለቅቀዋል፤ የተለቀቀው ቢሊሩቢን ወደ ጨቅላ አንጎል ገብቶ ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሲንጋፖር በ1978 ቤርበሪንን ያገደችው በዚሁ ሥጋት ሲሆን፣ ጂ6ፒዲ የተባለ ኤንዛይም በትውልድ የሚጎድላቸው ሕፃናት ይበልጥ ይጎዳሉ የሚል ፍርሃት ነበር። እገዳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢነሣም ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አልተነሣም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም በኢንሱሊኑ ፈንታ ሊወስደው አይገባም፤ ሕይወቱን ያሳጣዋል።

ካፕሱል ከመግዛት ተክሉን ማፍላት አይሻልም?

አይሻልም። በሥሩ ውስጥ ያለው የቤርበሪን መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ዕድሜውና እንደ አደራረቁ ይለያያል፤ በአንድ ስኒ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ይኑር 500 በመራራነቱ መለየት አይቻልም። ከዚህም ሌላ ተክሉ ሌሎች አልካሎይዶችንም ይዟል።

ካፕሱሉም ቢሆን ሙሉ እምነት አይጣልበትም። በ2018 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 15 የተለያዩ ምርቶች ሲመረመሩ የተገኘው ቤርበሪን መለያ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ከ33 እስከ 100 በመቶ ሲሆን፣ ከ15ቱ 9ኙ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነበሩ። በምግብ ማሟያነት የሚሸጥ ምርት እንደ መድኃኒት ከሽያጭ በፊት ስለማይፈተን፣ ገለልተኛ ላብራቶሪ የመረመረው መሆኑን የሚያመለክት ማኅተም ያለበትን መምረጥ ይበጃል።

ኤዋንሲዬ ከ7.4 ወደ 6.9 ወርዷል፤ ያወረደው ቤርበሪኑ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በእርግጠኝነት ለማወቅ ያስቸግራል። ካፕሱል የጀመረ ሰው በዚያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ይቀንሳል፣ በእግሩ መሄድ ይጀምራል፤ ባዶ እንክብል የዋጡትም በ0.59 መውረዳቸውን ከላይ አይተናል። የምርመራው የራሱ መዋዠቅም አለ፤ ያው ደም ሁለት ጊዜ ቢለካ በ0.2 ያህል ሊለያይ ይችላል። የደም ማነስ፣ ደም መፍሰስ ወይም ደም መለገስ ኤዋንሲን ከእውነተኛው ስኳር አርቆ ሊያሳይ ስለሚችል እነዚህም መጠየቅ አለባቸው።

የሚሞከረው ይህ ነው፦ አመጋገብና እንቅስቃሴ ሳይለወጡ፣ ሌላ መድኃኒትም ሳይነካ፣ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ቤርበሪኑን ማቆም፤ በየጠዋቱ የሚለካውን ስኳር ቀን ጽፎ መያዝ፤ በሦስተኛው ወር ኤዋንሲውን በዚያው ላብራቶሪ ማስለካት። የጠዋቱ ስኳር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በ20 ወይም በ30 ከፍ ብሎ ከቀረ ቤርበሪኑ ይሠራ እንደነበር ይጠረጠራል። ባለበት ከቆየ ግን ስኳሩን ያወረደው አመጋገቡና የእግር ጉዞው ሳይሆን አይቀርም፤ የካፕሱሉንም ወጪ ማስቀረት ይቻላል።